በአቡጀዲ የተጠቀለለው የጾም ወተት

ቼዳር የሚባለውን አይብ ቀምሼው አላውቅም ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ያየሁት በስልኬ ነው። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ከበሮ የሚያክል አይብ በጨርቅ ይጠቀልላል፣ ጨርቁን ስብ ይቀባል፣ ከዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ወራት ሙሉ እያገላበጠ ያቆየዋል። የሚናገረውን አልተከተልሁም። እንግሊዝኛዬ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ነው፤ የተጻፈ አነባለሁ፣ ሰው ሲያወራ ግን ይጠፋብኛል። እጁን እያየሁ ስድስት ጊዜ ደጋገምሁት።

ምክንያት ነበረኝ። እናቴ ላሟን ልትሸጥ ነበር። ፋሲሎ ሰፈር ካለው ግቢያችን ያለችው አንዲት ላም ናት። በጾም ጊዜ ወተት የሚገዛን የለም፤ ደንበኞቻችን ይጾማሉ፣ ላሟ ግን አትጾምም። ድሮ እናቴ የጾሙን ወተት እየናጠች ቅቤ ታወጣበት ነበር። አሁን ትከሻዋ እምቢ አላት። እኔ ደግሞ መናጥ አልወድም፤ አንድ ቦታ ግማሽ ሰዓት ከተቀመጥሁ እግሬን ይበላኛል።

«አንቺም ካልናጥሽ እኔም ካልናጥሁ ለማን ብለን ነው የምናልባት?» አለች። «ለእንቁጣጣሽ ትሸጣለች።»

ላሟን እወዳታለሁ አልልም። ትራገጣለች። ነገር ግን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤቴ ሳይሞላ ቀርቶ መንደሩ ሁሉ «አሁንስ ምን ልትሆኚ ነው?» ሲለኝ፣ በእርግጠኝነት የማውቀው ነገር ጠዋት ተነሥቼ እሷን ማለብ ብቻ ነበር። እሷ ከሄደች ለምን እንደምነሣም አላውቅም።

«እስከ ፍልሰታ ታገሺኝ» አልኋት። «የጾሙን ወተት የሚቆይ ምግብ ካደረግሁት አትሸጫትም።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነ ገመዱን ራሴ ይዤ ገበያ አወጣታለሁ።»

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን አብረው ገቡ። የሁለት ቀን ወተት አጠራቅሜ ለብ አደረግሁትና እርጎ ጨመርሁበት። ወተት የሚያረጋውን ዱቄት የክፍል ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ልካልኝ ነበር፤ እሱንም ጨመርሁበት። ሲረጋ በቢላዋ እንደ ዳማ ሰሌዳ ቆራረጥሁት። አጓቱን አንጠፈጠፍሁ፤ የቀረውን እንደ ጡብ ቆርጬ አንዱን በአንዱ ላይ ደራረብሁት፣ በየሩብ ሰዓቱ እየተነሣሁ አገላበጥሁት። ለእኔ የተፈጠረ ሥራ ነው፣ መቀመጥ የለውም። ከዚያ ፈርፍሬ ጨው ልጨምር ስል እጄ ቆመ። ምን ያህል? መቅመስ አልችልም። እናቴን አየኋት።

«እኔን አትዪኝ» አለች።

በሳህን ትንሽ ይዤ ወደ ጎረቤታችን ሮጥሁ። ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላቸው የእስላም ቤተሰብ ናቸው፤ ሴትዮዋን እትዬ እላቸዋለሁ።

«እትዬ፣ እባክዎ ጨው ይቅመሱልኝ።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ፀሐይ አናቴ ላይ ቆማ ረመዳኔን ልታስፈቺኝ ነው?»

«እስኪመሽ ልጠብቅ?»

«ይቆይልሻል?»

«አይቆይም።»

«እንግዲያው በዓይንሽ ጨምሪ። አንቺ የምትጾሚበት፣ እኔ የማልጾምበት ቀን ሲመጣ ጥሪኝ፣ ያን ጊዜ እቀምስልሻለሁ።» በሩ ላይ ስደርስ መለሱኝ። «ሥጋ ነክ ነገር የለበትም አይደል? ፈረንጁ ጨርቁን የሚቀባው ምንድን ነው አልሽኝ?»

«የአሳማ ስብ።»

«አስተግፊሩላህ!»

«እኔ ቅቤ ነው የምቀባው እትዬ። ዱቄቱም ከእንስሳ አይደለም የሚል ተጽፎበታል።»

«በይ እሺ» አሉና ሁለት ሜትር አቡጀዲ ቀደው ሰጡኝ።

ጨው ሦስት እፍኝ ጨመርሁ። ወይም አራት። ወዲያ ወዲህ ስል ቆጠራው ጠፋብኝ፣ እናቴም አላየችኝም። ከታች በበሳሳሁት ድስት ውስጥ ከትቼ በድንጋይና በውኃ በተሞላ ጀሪካን ተጫንሁት። በማግሥቱ በአቡጀዲ ጠቅልዬ ቅቤ ስቀባው እናቴ አማተበች።

«በስመ አብ! ገነዝሽው እኮ!»

«እንዲህ ነው የሚደረገው።»

«ቀብሩስ መቼ ነው?»

«ዛሬ።»

እውነቴን ነበር። ከጓሮ፣ መሬቱ ከማይደርቅበት በኩል፣ አፉ የተሸረፈ የጠላ ጋን እስከ አንገቱ ቀብሬ ነበር። ታቹ የውኃ ዳር ደንገል አነጠፍሁ፤ አይቡን አስቀምጬ ከደንሁት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ግራ መጋባት ብቻ ነው። ጨርቁ መጀመሪያ ነጭ ሻጋታ አበቀለ፣ ቀጥሎ ግራጫ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ። የፈረንጁም ሻግቷል። ግን የእሱ ሻጋታና የእኔ ሻጋታ አንድ ነው? ማንን ልጠይቅ? እኛ ቤት የሻገተ ይጣላል፣ አለቀ። በየሁለት ቀኑ ሳገላብጠው እናቴ ከኋላዬ ትቆማለች። «ይሄ ነገር ታሟል» ትላለች። «አልታመመም፣ እንዲያ ነው» እላለሁ። እንዲያ ይሁን አይሁን አላውቅም። በልበ ሙሉነት መናገር ግን እችልበታለሁ።

ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት ከፈትሁት። ሻጋታው የለም። ጨርቁ ቡናማ ሆኖ ደርቋል፤ ከጋኑ የሚወጣው ሽታ የማውቀው ነው፣ ግን ከየት እንደማውቀው ጠፋኝ። ገደልሁት ብዬ አሰብሁ። እናቴን ጠየቅኋት።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለችና ወደ ላሟ ሄደች።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ቪዲዮውን እየመለስሁ አየሁት። የፈረንጁ ሻጋታ አንድም ቀን አልጠፋም።

ፍልሰታ በገባ በሁለተኛው ሳምንት አንድ የከብት ነጋዴ መጣ። እናቴ ነች ያስጠራችው። የላሟን ዳሌ በመዳፉ ሲመዝን ሳይ ሰላምታ እንኳ ሳልሰጠው ወደ ጎረቤት ሮጥሁ።

«እትዬ፣ ያሉኝ ቀን ዛሬ ነው!»

እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ መጡ። ጨርቁን ልጬ ቆረጥሁት። ውስጡ ቢጫ ነው፣ እንደ ልብስ ሳሙና ጥቅጥቅ ያለ። «ቢስሚላህ» ብለው ጎረሱ። እናቴ፣ እኔ፣ ነጋዴው፣ ሦስት ጾመኞች አፋቸውን እያየን ቆምን። አላመጡ። አሁንም አላመጡ።

«እትዬ?»

«ቆይ እስቲ።» ዋጡ። «ጨው በዝቶበታል።»

ገመዱ እጄ የገባ መሰለኝ።

«አይብም አይደለም» አሉ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ምኑን አውቄው! ጭስ ጭስ ይላል። ልክ እንደ ታጠነ የወተት ቅል።»

ወደ እናቴ ዞርሁ። ነጠላዋን ታስተካክላለች።

«ምን ላድርግ?» አለች። «ሻጋታው እያደር ባሰበት። ጠረግሁለትና ወይራ በገል አድርጌ ጋኑን አጠንሁት። የወተት ዕቃ አይታጠንም?»

«አይቡ ውስጡ እያለ?»

«አውጥቼ የት ላድርገው? መሬት ላይ?»

መጮህ ፈለግሁ። ምን ብዬ እንደምጮህ ግን አላወቅሁም። አበላሽታው ነው ወይስ አድናው? በዚህ መሀል የእትዬ እጅ ቢላዋውን አነሣ። ሁለተኛ ቆረጡ። ሦስተኛውን በወረቀት ጠቀለሉት። «ይሄ ለሰውዬው ነው» አሉ፣ ባላቸውን ማለታቸው ነው።

«ላሟስ?» አለ ነጋዴው።

እናቴ የተቆረሰውን ጎን አየች። «ሳልቀምሰው አልሸጥም።»

«ጎረቤትሽ የሚያተርፉልሽ ከሆነ» አለ፤ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣ።

የፍልሰታ ፍቺ ዕለት ቀመስሁት። አልወደድሁትም። ምላስ ይነክሳል፣ ጨው ነው፣ ጭስ ነው። እናቴ በዳቦ በላች። ሌላ ቆርሳ ደገመች።

«ትክክለኛው እንዲህ ነው?» አለችኝ።

«እንጃ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ወር ምኑን ነው ስታገላብጪ የከረምሽው?»

የተረፈውን በጨርቁ መልሼ ጠቀለልሁት። ከሰዓት በኋላ ጓሮ ስወጣ ሌላ ጋን ከጓዳ አውጥታ በሚጤስ ወይራ ላይ ደፍታዋለች።

«ለገና ጾም ነው» አለች። «ፈረንጁ የሚያጥነው በስንተኛው ወር ነው?»

«ፈረንጁ አያጥንም፣ እማ።»

«እንዴ! እና በምን ያጸዳዋል?»

እሱንም አላውቅም። ላሟ መጮህ ጀመረች። እናቴ እጇ በጭስ ተይዟል፣ ባልዲውን እኔ አነሣሁ።