ትል ተብሎ የወጣው ክራንቻዬ

ክራንቻ ማለት ከፊት ጥርሶች ጎን ሾጠጥ ብሎ የሚቆመው ነው፤ ላይ ሁለት፣ ታች ሁለት። ሥጋ የሚዘነጥል እሱ ነው። ሥሩም ከሌሎቹ ይረዝማል፤ ከንፈርንም በጎን በኩል ደግፎ ይይዛል። ይህን ሁሉ ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም። አንዱ ስለሌለኝ ነው ያጠናሁት።

ከላይ በቀኝ በኩል ክራንቻ የለኝም። ስስቅ አንገቴን ወደ ቀኝ አዙሬ ነው፣ ክፍተቱ እንዳይታይ። ደሴ ውስጥ በአንዱ ፎቶ ቤት ግድግዳ ላይ አንገቷ የተጣመመ ሙሽራ ካያችሁ፣ እኔ ነኝ። ፎቶ አንሺው «ቀና በይ፣ ቀና በይ» እያለ ደከመው። ባሌም እስካሁን አፍሬ የተሽኮረመምኩ ይመስለዋል፤ ይምሰለው።

ሲፈጥረኝ እንዲህ ነኝ ብዬ ነበር የምኖር። አንድ ጊዜ ከጎኑ ያለው ጥርስ ሲያመኝ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። አፌን አይቶ መጀመሪያ የጠየቀኝ ነገር፣ «ሕፃን ሆነሽ ግግ አስወጥተውልሽ ነበር?» የሚል ነው። ግግ የሚሉት ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው ድዱ ላይ፣ በክራንቻው ቦታ የሚታየውን ነጭ እብጠት ነው። ትል ነው ተብሎ በስለት ይወጣል። ሐኪሙ እንደነገረኝ ግን ትሉ ገና ያልጠነከረ የወተት ክራንቻ ነው፤ ሲፈለፍሉትም ከሥሩ ተራውን የሚጠብቀውን ዋናውን ጥርስ አብረው ያበላሹታል። የግራው ስለተረፈልኝ ጠዋትና ማታ በለስላሳ ብሩሽ እንድጠርገው፣ የጠርሙስ ቆርኪም እንዳልከፍትበት መከረኝ። ሁለቱም ቢኖሩኝ የማልሰማውን ምክር አንድ ብቻ ስለቀረኝ ሰማሁ።

ባለፈው ክረምት ኮምቦልቻ ያለችው ታናሽ እህቴ ደወለችልኝ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ነው የምትሠራ፤ የስድስት ወር ልጇን ቀን ቀን እናታችን ትይዝላታለች።

«እትዬ፣ ልጅቷን ተቅማጥ ከያዛት ሦስት ቀኗ። እማዬ ግግ አውጪ አስመጥታለች። ነይልኝ።»

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤቴ ምን ለብሼ እንደወጣሁ አላውቅም። ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ሲወርድ ሹፌሩ በየመታጠፊያው ሰው ይጭናል። እኔ ልቤ ቀድሞ ወርዷል።

ስደርስ ልጅቷ እማዬ ጭን ላይ ተጋድማለች። ዓይኗ ጎድጉዷል፤ ስታለቅስ እንባ የላትም። አጠገባቸው ግግ አውጪዋ ተቀምጠዋል፤ ከደሴ ዙሪያ የመጡ ትልቅ ሴት ናቸው። ጫፉ የሾለ የጃንጥላ ሽቦ በቀሚሳቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ንጽሕናማ አላጓደሉም። መስኮቱ ላይ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ወተት የያዘ ጡጦ ቆሟል፤ ዝንቦቹም በተራ እየጎበኙት ነው። እሱን ማንም አልጠረጠረውም። ጥፋተኛው ድዷ ነው።

«ይኸው፣ ሐኪሟ መጣችልሽ!» አለች እማዬ ለእህቴ።

«እማዬ፣ እሱ እኮ ጥርስ ነው።»

«በስድስት ወሯ ክራንቻ? ጥርስ ከፊት ነው የሚጀምር። ይኼን ሳላውቅ ነው ሰባት የወለድሁ?»

«አልበቀለም። ድዷ ውስጥ ተኝቶ ተራውን እየጠበቀ ነው።»

«ትሉን በዓይኔ አይቻለሁ! ያንቺን ሲያወጡልሽ መዳፌ ላይ ነው ያኖሩልኝ። ነጭ፣ ለስላሳ። ይኸው አደግሽ፣ ተዳርሽ፣ አሁን ደግሞ አፍ አወጣሽ።»

«አብሽሪ ልጄ፣ እጄ ቀላል ነው» አሉኝ ሴትዮዋ። ክፋት የለባቸውም፤ ልጅቷን የሚያዩዋት እኔ በማያት ዓይን ነው። የሚያስፈራውም እሱ ነው። ክፉ ቢሆኑ ጮኼ አስወጣቸው ነበር።

እህቴን አየኋት። አንዴ ሽቦውን፣ አንዴ እኔን ታያለች። ልጇ እየሞተችባት ነው፤ አንድ ነገር የሚያደርግላትን ሰው ትፈልጋለች። እኔ ያመጣሁላት «ተዉ» የሚል ቃል ብቻ ነው።

«እንግዲያው ከእኔ ይጀምሩ» አልኳቸው ሴትዮዋን።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«ያኔ የቀኙን ሲያወጡልኝ የግራውን ረስተውታል። አንዷ ትል ቀርታብኛለች። ያውጡልኝ።»

አገጬን ይዘው ወደ መስኮቱ አዞሩኝ። ግራ ክራንቻዬን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ይችማ ጥርስ ናት» አሉ።

«ሕፃን ሆኜስ እዚህ ቦታ ላይ ምን ነበረ?»

«ያኔማ ትል ነው የሚሆን…»

«እና ትሏ ናት አድጋ ጥርስ የሆነች?»

ሴትዮዋ ጣታቸውን ከአፌ አወጡ። «እኔ እናቴ ስትሠራ ያየሁትን ነው የምሠራ» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። ሽቦውን ግን አላስቀመጡም።

እማዬ ከንፈሬን በአውራ ጣቷ ገልጣ ቀኙን አየች፤ ግራውን አየች፤ ተመልሳ ቀኙን አየች። ያን ሁሉ ዓመት አጉርሳኝ ከጉሮሮዬ ወዲህ ምን እንዳለ አይታ አታውቅም። እሷ ይህን ስትመረምር እህቴ ልጇን ከእማዬ ጭን ላይ ብድግ አደረገቻት።

«ጤና ጣቢያ ነው የምሄድ» አለች።

በባጃጅ ደረስን። እዚያ ያለችው ነርስ ስለ ድድ አንድም ነገር አልጠየቀችም፤ ስለ ጡጦው ነው የጠየቀች። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ የሚበጠበጥ ዱቄትና የዚንክ እንክብል ሰጠችን፤ በማንኪያ እያስጋተች እዚያው አዋለቻት። ማምሻውን ልጅቷ ስታለቅስ እንባዋ ወረደ። በልጅ እንባ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አሁን ክራንቻዎቿ በቅለዋል። በንጹሕ ጨርቅ የምትጠርግላት እማዬ ናት፤ ከእኔ የተማረችው አይደለም፣ ድሮም ታውቀው ነበር አሉ። ይባስ ብላ አስተማሪ ሆናለች። በሰፈሩ ከገጠር መጥተው ፋብሪካ የገቡ፣ ቤት የተከራዩ ወላዶች ሞልተዋል፤ የአንዷ ልጅ ተቅማጥ በያዘው ቁጥር እኔ ከደሴ እጠራለሁ። ባለፈው ሳምንት እማዬ የማላውቃት ወላድ ቤት አስገባችኝ። ወላዷ ሕፃኗን አቅፋ በጥርጣሬ ታየናለች።

«ይችውልሽ ልጄ» አለች እማዬ። «እኔ ነኝ ያስወጣሁባት። አንቺ፣ ምን ትሽኮረመሚያለሽ? ክፈቺላት!»

አንገቴን ሳላዞር ከፈትኩላት።