በስም የተጠሩት የኤላው መንደር ልጆች

ሎኮ ስምንተኛ ክፍል የደረሰችው ከተማ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ነው፤ የአክስቷን ልጅ አዝላ፣ ውኃ ቀድታ፣ ከዚያ በተረፋት ዓይን ደብተር ገልጣ። ተመልሳ በቦረና ምድር፣ ኤላ በሚሉት ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ዙሪያ ባለው መንደር ስታገባ ቤቷን እንደ ሌሎቹ ሴቶች ራሷ ሠራች፤ ልጆች ወለደች። ትልቋ ሴት ልጇ ጣላሶ ዘንድሮ አራተኛ ክፍል ጨረሰች። የመንደሩ ትምህርት ቤት ደግሞ ከአራተኛ አያልፍም። ሎኮ የልጇን ጀርባ ባየች ቁጥር፣ እንደ እሷ የሌላ ሰው ልጅ የሚታዘልበት ይመስላታል።

ታዲያ ወረዳው በአካባቢው አንድ ቦታ መርጦ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ የሚያስተምር ክፍል ሊሠራ ነው ሲባል፣ ከማንም በላይ ደስ ያላት እሷ ነበረች። የትምህርት ቢሮው ሰው ጋልገሎ በበልግ ቤት ለቤት ዞሮ ስንት ልጅ እንዳለ ጠየቀ። አሁን ውሳኔውን ይዞ መጣ። ሰዉ ከኤላው ራቅ ብሎ ካለው ግራር ሥር ተሰበሰበ።

«ክፍሉ አስፋልቱ ዳር ላለው መንደር ሊሆን ነው» አለ ጋልገሎ። «እናንተ ዘንድ ልጅ የለም።»

ይህን ሲል ከኋላው የሚራወጡት ልጆች ጩኸት ድምፁን ዋጠው። ሰዉ ሳቀ።

«ሳቁ! የጠየቅሁት እናንተን ነው። የቦሩ እናት፣ አንቺስ ምን ነበር ያልሽኝ?»

ሎኮ አንገቷን ደፋች። «አንድ አለኝ፤ እሱም የፈጣሪያችን የዋቃ ነው» ነበር ያለችው። ይህን ስትል ሌሎቹ ልጆቿ ቀሚሷን እየጎተቱ ነበር። ያፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

«እናቴም ስለ እኛ እንዲሁ ነበር የምትለው» አለ ጋልገሎ። «ይገባኛል። ግን የምጽፈው የተነገረኝን ነው።»

«ልጅና ከብት አይቆጠርም!» አሉ አኮ ጡሜ፣ የመንደሩ ትልቅ እናት። «የቆጠሩት ይጎድላል። እኔ ለሐኪም ቆጥሬ በነገርኩበት ዓመት ነው አንዷ የሄደችብኝ።»

ሎኮ ልትከራከራቸው አልደፈረችም፤ በሞተች ልጅ ማን ይከራከራል? ቀስ ብላ ጠየቀች።

«አኮ፣ ማታ ከብቱ ሲገባ ይቆጥራሉ?»

«ምን በወጣኝ!»

«የጎደለችዋን ታዲያ በምን ያውቋታል?»

«በመልኳ፣ በስሟ ነዋ። እብድ ነሽ እንዴ?»

«እንግዲያው ልጆቹንም በስም እንጥራቸው። ቁጥር ከአፋችን አይወጣም።»

አኮ ጡሜ በምርኩዛቸው መሬት እየጫሩ አሰቡ። «ስም መጥራት ምርቃት ነው» አሉ በመጨረሻ። «የሚደምረው ግን ይኼ የቢሮው ልጅ ነው። ጣጣውም የሱ።»

«ይሁን» አለ ጋልገሎ። «ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የተጠራ ልጅ ክፍል ውስጥ ይፈለጋል። ክፍል ተሠርቶ ወንበሩ ባዶ ከሆነ፣ በዓመቱ ይዘጋል።»

እናቶች መጥራት ጀመሩ። ሎኮ ተራዋ ሲደርስ «ጣላሶ፣ ጂሎ፣ ዳርሚ» አለችና ቆመች።

ትልቁ ልጇ ቦሩ ፎራ ነው፤ ከብቱን ይዞ ሩቅ ግጦሽ ወርዷል። አራተኛን ጨርሶ የሚሄድበት ሲያጣ በዚያው ቀረ። ከፊቷ የጠሩትም ሴቶች እረኞቻቸውን ዘለዋል። አሁን ሁሉም ዓይናቸው እሷ ላይ ነው። በበልግ «አንድ» ያሰኛት ወግ ብቻ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባት። ስሙ ያልተጠራን ልጅ ማንም ከከብቱ ኋላ አምጡት አይልም።

«ገና ነው፤ ለክፍሉ የሚያስፈልገው ልጅ አልሞላም» አለ ጋልገሎ ዝቅ ብሎ።

«ቦሩ» አለች ሎኮ።

ባሏ ሁቃ ከወንዶቹ መካከል ብድግ አለ። «ከብቱንስ? ፎራ የምትወርጂው አንቺ ነሽ?»

«የቦሩ አባት፣ ኤላው ላይ ውኃ በተራ እናጠጣ የለ? ማንም ተራ አይዘልም፤ የማንም ከብት ተጠምቶ አይቀርም። ጥበቃውንም በተራ እናድርገው። ግራር ሥር የሚተኛ ጎልማሳ በየቤቱ ሞልቷል።»

«ሰማህ፣ አንተን ነው!» ብሎ አንዱ ጎረምሳ ሌላውን በክርኑ ጎሸመው። ሁቃ ግን አልሳቀም። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ተቀመጠ።

ከሎኮ ቀጥሎ ያለችው ሴት የእረኛ ልጇን ስም ጠራች። የዘለሉትም ተመልሰው ጠሩ። ጋልገሎ የሚደምረው ከንፈሩን ገጥሞ ነው፤ አኮ ጡሜ አፍ አፉን ያዩታልና። ሲጨርስ «ይበቃል። እዚህ ይሠራ ብዬ አቀርባለሁ» አለ፤ ቁጥሩን ግን አልተነፈሰም።

ማታ ሎኮ ሁቃን አልጎተጎተችውም፤ ካላመነበት ቦሩን አስገድዳ እንደማታመጣው ታውቃለች። ሲነጋ ሁቃ ለመንገድ ተዘጋጅቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ከገበያ ያመጣሽው በረባሶ የት ነው?»

«ምን ያደርግልሃል? ላንተ አይሆንም።»

«የቦሩ ጫማ አልቋል። በዚያ እሾህ ባዶ እግሩን ልመልሰው?»

ሎኮ ጫማውን አምጥታ ሰጠችው።