ከደጃችን ፊት ያልተቆፈረው ቦይ

ትናንት ጠዋት የሰፈራችን የታቦር ወጣቶች አካፋና ዶማ ይዘው በደጄ አለፉ። ክረምቱ ሳይገባ የጎርፍ መውረጃውን ሊያስተካክሉ ነው። አንደኛው፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ የእርስዎን እኛ እንቆፍራለን» አለኝ። ደግ ልጅ ነው፤ ቢሆንም ተቆጣሁት። የኔን ቦይ ሌላ ሰው እንዲነካብኝ አልፈልግም።

ቦዩ መጀመሪያ ሲቆፈር ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ዝናቡ ጠባዩን ለውጦ ነበር፤ ለሳምንታት ይጠፋና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥቶ ያለውን ሁሉ ያወርደዋል። ከሰፈራችን በላይ ያለው ተራራ ዛፉ ለማገዶ ስላለቀ ውሃውን የሚይዘው ነገር የለም። ጎርፉ ጭቃና ድንጋይ እያግበሰበሰ በየቤቱ ሲገባ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው አንድ ረጅም ቦይ ይቆፈር አሉ። እያንዳንዱ ቤት በገዛ ደጁ ፊት ያለውን ይቆፍራል። ልኩን እንዲሰጥ የተመረጠው ጓደኛዬ ሌዳሞ ነበር፤ ከቱላ ገጠር የመጣ የገበሬ ልጅ ስለሆነ የውሃ መንገድ ያውቃል ተባለ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት እኔ በሱ ገመድ ልለካ!

ይባስ ብሎ ከኛ ቤት በታች የምትኖረው አስቴር ለቆፋሪዎቹ ቅቅል ድንች በዳጣ ታመጣለች። ለሁላችንም ነው የምታመጣው፤ ትልቁ ድንች ግን ሁልጊዜ ለሌዳሞ ይደርሰዋል። ቅናት ክፉ ነው፤ የድንች መጠን ያስለካል። በሦስተኛው ቀን ጭራሽ ልጣ ስትሰጠው አየሁ። ቤት ገብቼ እጄን በጨርቅ ጠመጠምኩና «ዶማ መታኝ» አልኩ። እናቴ አመነችኝ።

ማታውን ሌዳሞ ሊጠይቀኝ መጣ። «አይዞህ፣ የናንተን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

«ማንም እንዳይነካው» አልኩት። «ሲሻለኝ ራሴ እቆፍረዋለሁ።»

አልቆፈርኩም። ከአራት ቀን በኋላ ዝናቡ ወረደ። ውሃው የሰዉን ቦይ ይዞ ደህና መጣ፤ እኛ ደጅ ሲደርስ መሄጃ አጣና አስቴር ቤት ገባ። ባል የሞተባቸው እናቷ፣ እትዬ ወርቄ፣ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበት የስፌት መኪና ሰው ካስረከባቸው ጨርቅ ጋር ጭቃ ውስጥ ተቀበረ።

ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ጥፋተኛ ይፈልጋል። ሌዳሞ ወደ እጄ አየ። ጨርቁ በዝናቡ ርሶ ተንሸራቷል፤ እጄ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። ወደ ሰዉ ዞረና፣ «እሱ ታሞ ነው። እኔ እቆፍርለታለሁ ብዬ ዘነጋሁት» አለ። ሰደቡት። እኔ ጨርቁን መልሼ ጠመጠምኩ።

ከዚያ በኋላ ሌዳሞ መኪናውን ፈታትቶ በነጭ ጋዝ ለማጠብ አንድ ሳምንት እነአስቴር ቤት ተመላለሰ። አስቴር አጠገቡ ቁጭ ብላ ብሎኑን ታቀብለዋለች። እኔ በአጥር ቀዳዳ እያየሁ አርር ነበር፤ ያገናኘኋቸው እኔው ራሴ። በዓመቱ ተጋቡ፤ በሠርጋቸውም ላይ ጨፈርኩ፣ ምን ላድርግ።

ትናንት ቦዬን ስቆፍር አስቴር ከገበያ ስትመለስ ደረሰችብኝ። አሁን የልጅ ልጆች አሏት። ዘንቢሏን አስቀምጣ ጉድጓዱን አየች።

«የሰው ቦይ ጉልበት ይደርሳል፤ ያንተ ለምንድን ነው በየዓመቱ ወገብ የሚደርሰው?»

«ዝናቡ አይታመንም» አልኳት።

ሳቀችና ሄደች። ሌዳሞ የእጄን ነገር አልነገራትም ማለት ነው፤ ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ። የድንቹን ነገር ከተውኩት ቆየሁ። በዚህ ግን ዛሬም እቀናበታለሁ፤ እኔ ብሆን ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት እነግራት ነበር።