አንዲት ጠብታ የሌላት ጀልባ

ይመር ጀልባ ገዝቶ እቤት የመጣ ቀን ሚስቱ ብዙዬ ሦስት ቃል ብቻ ነው የተናገረችው። «ኦሮራ ላይ ጀልባ?»

እውነቷን ነው። ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ወዲህ ባለው ሰፈር፣ ከሱቆቹና ከአፓርትመንቶቹ ጀርባ፣ ደክሞት የቆመ ታክሲ ይታያል እንጂ የቆመ ጀልባ ታይቶ አያውቅም። ይመር ግን ሕልም የማይሰለቸው ሰው ነው። በዴንቨር አየር ማረፊያ አሥራ አንድ ዓመት ዊልቸር ገፍቷል፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ መንገደኛን ከፓርኪንጉ ወደ ተርሚናሉ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ሻንጣ ተሸክሞ፣ የሰው ጉዞ ሸኝቶ፣ ባዶውን የተመለሰ ሰው አንድ ቀን የራሱን ጉዞ ቢመኝ ማን ይፈርድበታል?

ጀልባዋን ያገኛትም እዚያው ሻትሉ ውስጥ ነው። ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ሲሄዱ ከኋላው ተቀምጠው፣ «ሁሉንም ነገር ሸጥኩ፤ ጀልባዬን ብቻ የሚወዳት ሰው አጣሁ» አሉት። ይመር የሐይቅ ልጅ ነው፣ የወሎው ሐይቅ። ከመራመድ በፊት መቅዘፍ የቻለ ይመስለዋል። በመስታወቱ አያቸውና «አገኙ» አላቸው።

ጀልባዋ ትንሽ ናት፤ ከአሉሚኒየም የተሠራች፣ ግራጫ። ከኋላ ሞተሩ፣ ከሞተሩ አጠገብ የነጂው ወንበር፣ ከፊት ደግሞ አንድ ሌላ ወንበር። የፊቱ የብዙዬ ነው፤ ይመር ከመጀመሪያው ቀን እንዲያ ወስኗል። ብዙዬ ግን የመርካቶ ልጅ ናት። የምታውቀው ውኃ የክረምት ጎርፍ ነው፤ እሱንም የሰው ጫማ ይዞ ሲሄድ። ሦስት ሰመር ሙሉ ቼሪ ክሪክ ሐይቅ ዳር በምትታጠፍ ወንበር ተቀምጣ፣ ስልኳን ለድንገተኛ ጥሪ አዘጋጅታ፣ «ይመር! አትራቅ!» ስትል ከረመች። ከፊት ክብደት የሌላት ጀልባ አፍንጫዋን ወደ ላይ ትሰቅላለች፤ አብረውት የሚያስቀድሱ ሰዎችም መቀለጃ አደረጉት። «ይመር፣ ይቺ ጀልባህ ሰማይ ሰማይ የምታየው ጸሎት ላይ ናት እንዴ?»

ይስቃል። ግን ያቺ ባዶ ወንበር ትከነክነዋለች።

ነገሩን የቆሰቆሰችው ካናዳ ሌዝብሪጅ የምትኖረው የብዙዬ ታላቅ እህት አያልነሽ ናት። በሚያዝያ አንድ እሑድ ደውላ፣ «ባልሽ ጀልባ ላይ፣ አንቺ ዳር ላይ! ከልጅነትሽም ፈሪ ነበርሽ» አለቻት። ብዙዬ ስልኩን ዘግታ ወደ ባሏ ዞረች።

«ጀልባህን ካናዳ ጎትት» አለችው። «እሷ ፊት እገባለሁ።»

«ብዙ፣ የምርሽን ነው?»

«የምሬን ነው። እዚያም ካልሆነልኝ ግን ሽጣት። ዳር ቆሜ ስንቀጠቀጥ ማርጀት አልፈልግም።»

ይመር እጇን ሳመ። መቼም ደስታና ሥጋት ባንድ ልብ ሲያድሩ ልብ ጠባብ ቤት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰኔና ሐምሌ የዝግጅት ሆኑ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ተጎታቹን ወደኋላ መንዳት ይለማመዳል። መሪውን ወደ ግራ ሲያዞር ጀልባዋ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፤ ወደ ቀኝ ሲያዞር ወደ ግራ። ኋላ ግን ዊልቸር ወደ ሊፍት እየጎተተ ያስገባበት ዘመን ትዝ አለውና እጁ ፈታ አለ። ቄሱ ከቅዳሴ ሲወጡ ቆመው አይተው፣ «በል እኔም ድርሻዬን ልወጣ» ብለው ጸሎት አድርሰው ጀልባዋን ጠበል ረጯት። ብዙዬ ከአጠገባቸው ቆማ ነበር።

«አባ፣ ትንሽ ጨመር ቢያደርጉላት?»

«ልጄ፣ መኪናም የምረጨው እንዲሁ ነው።»

«መኪና አይሰምጥማ!»

የይመር ጭንቀት ሌላ ነበር። ጀልባ ድንበር የሚሻገረው ደርቆ ነው። ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው በውኃ ውስጥ ተደብቀው የሚዛመቱ፣ ከሽምብራ የሚያንሱ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረቶች አሉ፤ አንዲት ኩባያ ውኃ ይዞ የተገኘ ጀልባ ይታገዳል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ያለውን ሳምንት ሙሉ ከሥራ ሲመለስ ፎጣ ይዞ ይገባባታል፤ እንደ ሙሽራ ያብሳታል፤ እያበሰም ያንጎራጉራል።

ከኋላዬ ልጎትት የብረቷን ወፍ፣
ክንፏ የሚዘረጋ ውኃ ላይ ስታርፍ።

በነሐሴ መጀመሪያ፣ የፍልሰታ ጾም በገባ በማግስቱ ሐሙስ ተነሡ። ይመር መሪውን፣ ብዙዬ መዝሙረ ዳዊቷን፣ የነርስ ተማሪዋ ልጃቸው ሔቨን ከኋላ ስልኳን ይዘው።

«በፍልሰታ ደግሞ ዓሣ ልታጠምድ!» አለች ብዙዬ።

«ልንሳፈፍ ነው የምንሄደው፤ ማን ይበላል?»

«ዳድ፣ ዩ ኦልዌይስ ኢት» አለች ሔቨን።

ዋዮሚንግ ላይ ነፋሱ ጀልባዋን እንደ እህል አንገዋለላት። የጀልባ ፍተሻ ጣቢያ ጋ ቆሙ። ይመር ደረቱን ነፍቶ፣ «አንዲት ጠብታ የለባትም!» አለ። ፈታሹ ክዳኑን ሁሉ ከፍቶ፣ እጁን አስገብቶ፣ «ምነው ሁሉም እንዳንተ ቢሆን» ብሎ የማለፊያ ወረቀት ሰጠው። ሞንታናም እንደዚያው። ሁለቱን ወረቀት ይመር እንደ ዲፕሎማ መሪው ፊት ሰካቸው።

ግሬት ፎልስ አደሩ። ዓርብ ጠዋት ነዳጅ ሲቀዱ ሔቨን መኪናው ውስጥ ታንቀላፋ ነበር። ይመር ወደ ሱቁ ገባና፣ የዶሮ ሳንድዊች ሽታ አሸነፈው። ከአንድ የነዳጅ መቅጃ ጀርባ ዞሮ በአራት ጉርሻ ጨረሰው። ሲመለስ ብዙዬ ቦታዋ ላይ ዓይኗን ጨፍናለች። «ተመስገን፣ ተኝታለች» አለ በሆዱ።

ቀትር ላይ ድንበሩን አለፉ። ከድንበሩ ወዲያ የመጨረሻው ፍተሻ ነበር። አንዲት ሠራተኛ ጥቁር ውሻ ይዛ መጣች፤ ያንን ጥቃቅን ፍጥረት በጠረኑ የሚለይ የሠለጠነ ውሻ ነው። ይመር ሁለቱን ወረቀቶች አውጥቶ፣ በፈገግታ፣ «አንዲት ጠብታ የለባትም» አላት።

ሴትዮዋ ጀልባዋ ውስጥ የተያዘ ዓሣ የሚቀመጥባትን ሣጥን ክዳን አነሣች።

ውኃ። የካናዳን ሰማይ በውስጡ ይዞ የሚያብለጨልጭ ውኃ።

ይመር ወደ ሰማዩ አንጋጠጠ። «አልዘነበም» አለ በአማርኛ። «ጌታዬ፣ ይኼ ከየት መጣ? ከየትኛው ሐይቅ ነው?» ብላ ጠየቀችው። «ከየትም!» አለ። «ካልነገርከኝ ጀልባዋን አላሳልፍም። እዚህ ትቆያለች።»

«ለስንት ቀን?» አለች ሔቨን።

«ደርቃ ተመርምራ እስክትለቀቅ። ሳምንት ሊሆን ይችላል።»

የይመር ዕረፍት ያለችው አምስት ቀን ናት። ይኼኔ የመኪናው በር ቀስ ብሎ ተከፈተና ብዙዬ ወረደች።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምን አንቺ?»

«ጠበል ነው። ከቤት ሁለት ሃይላንድ ይዤ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት አፈሰስኩት። ቄሱ ረጯት እንጂ መች አጠገቧት!»

«ብዙዬ!»

«ምን ብዙዬ? ነገ የምገባባት እኔ ነኝ።»

ሔቨን እየሳቀችም እየፈራችም ለሴትዮዋ አስረዳቻት። የቤተ ክርስቲያን የተባረከ ውኃ ነው፤ ሐይቅ አያውቅም፤ ከቧንቧ ነው የተቀዳው፤ እናቴ ውኃ ስለምትፈራ ነው። ሴትዮዋ ብዙዬን አየቻት፣ ውኃውን አየችው። ውሻው ደግሞ አፍንጫውን አሹሎ ወደ ሣጥኗ ተጠጋ።

«ውሻውን! ውሻውን ያዢው! ጠበሉን እንዳይልሰው!» ብዙዬ ጮኸች። ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገም፤ ሴትዮዋ ሰንሰለቱን ሳብ አደረገች። ውሻው ያጣው ነገር እንደሌለ ሁሉ ዞሮ ተቀመጠ። «ምንም አልሸተተውም» አለች ሴትዮዋ። «በሉ የታችኛውን መክደኛ ንቀሉና እዚሁ አስፋልቱ ላይ ልቀቁት። ከደረቀ አይቼ አሳልፋችኋለሁ።»

ይመር ወደ መክደኛው ሮጠ። ብዙዬ ፊቱ ቆመች።

«አስፋልት ላይ? ጫማ በሚረግጠው? ጠበል? ሞቼ እገኛለሁ!»

«ብዙ፣ እግዜር ያያል፤ ተገደን ነው…»

«ያየኛላ! ስለሚያይ እኮ ነው!»

ሔቨን ግንባሯን ይዛ እንደገና ተረጎመች፤ ሰው የሚረግጠው ላይ አይፈስም። ሴትዮዋ ጥቂት አሰበችና ከቤቱ ጀርባ ያሉትን ለጋ ጥዶች አሳየቻት። «እነዚያ ሥር ሰው አይሄድም። ከቦይና ከሐይቅ ይራቅ እንጂ የት እንደምትደፉት አያገባኝም። ግን ሣጥኗን በእጄ ነው የምዳስሳት።»

ይመር ኩባያ አንሥቶ ሊወጣ አንድ እግሩን ጎማው ላይ አደረገ።

«አንተ እንዳትነካው!» አለች ብዙዬ። «ጠዋት ከመቅጃው ኋላ ምን ስትበላ ነበር?»

ይመር ደነገጠ። «ተኝተሽ አልነበር?»

«ምን ያስተኛኛል? ጀልባው ጋ ሆኜ ሳፈስ አየሁህ። በአራት ጉርሻ!»

እሱ ከእሷ ተደብቆ ሲበላ፣ እሷ ከእሱ ተደብቃ ስታፈስ፣ መሐላቸው የቆመው አንድ የነዳጅ መቅጃ ብቻ ነበር። ሔቨን ደግሞ ገና ከሆቴሉ ሳይወጡ ቁርሷን በልታለች። ጾመኛ ብዙዬ ብቻ ናት።

እንግዲህ ሌላ ሰው አልነበረም። ብዙዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ አንድ እግሯን የጎማው መከለያ ላይ፣ አንድ እጇን የባሏ ትከሻ ላይ አድርጋ፣ ስሙን ያልጠራችው መልአክ እስኪጠፋ ድረስ እየጠራች ወጣች። ጀልባዋ በተጎታቹ ላይ ወዝወዝ አለች።

«ትነቃነቃለች!»

«መሬት ላይ ናት፣ ብዙ። ጎማ ላይ ናት።»

«አውቃለሁ! አውቃለሁ ግን ትነቃነቃለች!»

በኩባያ እየቀዳች ወደ አንድ ባልዲ፣ ሔቨን ባልዲውን በሁለት እጇ ተሸክማ ወደ ጥዶቹ። ኩባያ የማያገኘውን በፎጣ፣ ፎጣው የማይደርስበትን በነጠላዋ ጫፍ። ሣጥኗን ጨርሳ አላቆመችም። የወለሉን ስፌት፣ የጎኑን ብሎን፣ የወንበሮቹን ሥር፣ ሁሉንም በእጇ እየዳሰሰች ጠረገች። ይመር ሦስት ሰመር ሙሉ እንዳባበላት ያውቃል፤ አንድም ቀን ግን ገብታባት አታውቅም። ተንበርክካ ስትሠራ ድምፅዋ መጣ፤ መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ኋላ በቃል።

ጠበሉን ቀድቼ ለዛፍ አጠጣሁት፣
ፍርሃቴንስ በምን ቀድቼ ላውጣት።

ይመር ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ። ነፋሱ ነው ዓይኑን ያስለቀሰው ይባል።

ሴትዮዋ እጇን አስገብታ ሣጥኗን ዳሰሰች፤ እጇን አገላብጣ አየችው፤ ደረቅ ነው። ሦስተኛውን ወረቀት ጻፈችና ለይመር ሳይሆን ለብዙዬ ሰጠቻት።

በማግስቱ ቅዳሜ ሌዝብሪጅ አካባቢ ካለ አንድ ሐይቅ ዳር ነበሩ። አያልነሽ የምስር ሳምቡሳ በሣጥን፣ ምላሷን በአፏ ይዛ መጥታለች። ይመር ተጎታቹን ባንድ ጊዜ ወደኋላ ነድቶ ጀልባዋን ውኃው ላይ ለቀቃትና ገመዷን ይዞ ቆመ። ብዙዬ ብርቱካን ቀለም ያለውን መንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሳ ውኃው ዳር ስትደርስ እግሯ ተተከለ። ማዕበሉ ጫማዋን ሊነካ ይመጣል፤ ይመለሳል።

«ለዚህ ነው ሁለት ቀን የተነዳው?» አለች አያልነሽ። «ኦሮራ ሆነሽ መፍራት ትችይ ነበር እኮ!»

«ማሚ፣ ዩ ዶንት ሃቭ ቱ» አለች ሔቨን።

ይመር ገመዱን እጁ ላይ ጠመጠመ። «ብዙ፣ ይቅር። እሸጣታለሁ። ከልቤ ነው የምልሽ።»

«ዝም በል፤ እያሰብኩ ነው።» አጎንብሳ ጀልባዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየቻት። «ትናንት ጥግ ጥጓን በእጄ ነው የጠረግኳት። ቀዳዳ አላገኘሁባትም።»

«የለባትም።»

«ከግሬት ፎልስ እስከ ድንበር ያንን ሁሉ ውኃ ይዛ ስትንገጫገጭ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም። ከውስጥ ያላስወጣች ከውጭ ምን ታስገባለች?»

ይህን አባባል የጀልባ መሐንዲስ ላይቀበለው ይችላል። ይመር ግን የሚከራከር ሰው አልነበረም። እጁን ዘረጋላት፤ እሷ እጁን ትታ የጀልባዋን ጠርዝ ያዘች፣ ገባች፣ ተቀመጠች። የጀልባዋ አፍንጫ ቀስ ብሎ ወረደና ከሐይቁ ጋር እኩል ሆነ። ሞተሩ ተነሣ። ከዳር እየራቁ ሲሄዱ ይመር እንደ ልማዱ አንጎራጎረ፤

ሦስት በጋ ሙሉ ባዶ ወንበር ነዳሁ…

ቤቱን ሳይመታ ብዙዬ ከፊት ሆና ተቀበለችው፤

ዛሬ ሰው አግኝቷል፣ ቀስ በል እንጂ ፈራሁ!

የሔቨን ሳቅ ከዳር ድረስ ተሰማ።

አንድ ዙር ዞረው ሲመለሱ ብዙዬ ሁለት እጇን ከጠርዙ ላይ ለቃ ነበር። «አያልነሽ! ነይ ግቢ!»

«እኔ?» አለች አያልነሽ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ብላ። «እኔማ ሳምቡሳው ይበርድብኛል።»

«ጉድ ፈላ! በይ አንቺ ያቺ የምትታጠፈው ወንበሬ ላይ ተቀመጪ፤ እዚያ ዳር አለችልሽ!»

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ቀዝቀዝ አለ፤ ጥላዎች ረዘሙ። አያልነሽ ምግብ ቀርቧል እያለች ፎጣ ታውለበልባለች። ይመር ወደ ዳር ቀርቦ ሞተሩን ሊያጠፋ እጁን ሲሰድ፣ ብዙዬ ፊቷን ከውኃው ሳትመልስ፣

«ምን አስቸኮለህ?» አለችው።