ለሰንጢ ወዳጅ የታረደች ዶሮ

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ የበግ ጭንቅላት ስትለበልብ የተቃጠለ ቀንድ ሽታ በመስኮቴ ገባ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔ ግን፣ ሳቁብኝ እንጂ፣ መስኮቱን ይበልጥ ከፈትኩት። ሞጣ ከተከራየኋት ክፍል ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሳላስበው በሐሳቤ ያደግሁባት ቢቸና ደረስኩ፤ ከአባቴ ወናፍ አጠገብ።

አባቴ ታጣፊ ሰንጢ ይሠራ ነበር፤ ሲከፈት "ቀጭ!" የሚል። ስለቱን ከተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ይቀጠቅጠዋል። የበሬ ቀንድ እሳት ላይ ያለሰልስና በሁለት እንጨት መሀል አጣብቆ ያሳድረዋል፤ ተሞርዶ ሲወለወል የማር ቀለም ያለው እጀታ ይወጣዋል። ችንካሩ ደግሞ ከጥይት ቀለህ የተቆረጠ ናስ ነው። ወደ ፀሐይ አንሥቼ ብርሃኑ በቀንዱ ውስጥ ሲያልፍ ሳይ፣ ይህን የመሰለ ነገር ከእኛ ቤት መውጣቱ ይደንቀኝ ነበር።

ገዢ አልጠፋም፤ እንግዳ እንጂ። አባቴ የጨረሰውን ሰንጢ ደጃፍ ካለው ጉቶ ላይ ያኖረዋል፣ ገዢው ከጉቶው ያነሣዋል። ስለት ከእጅ ወደ እጅ ስለማይሰጥ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፤ እጃቸው እጁን እንዳይነካ ነው። ቀጥቃጭ ነዋ! ዓይኑ ሰው ይበላል የሚባል። ከእኔም ጋር ቆሎ የሚካፈል ልጅ አልነበረም። እዚህ ሞጣ የአባቴን ሥራ የጠየቀኝ የለም፤ ቢጠይቁኝ ግን እናገራለሁ።

ሰንጢውን ከአባቴ መዳፍ ላይ የሚወስድ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከሞጣ ለመንግሥት ሥራ ብቅ የሚል ጸሐፊ። ሰንጢ ይሰበስባል። ከየአገሩ የለቀማቸውን በአቡጀዲ ጠቅልሎ ያመጣና ለአባቴ ይዘረጋለታል። የአባቴን ሥራ ጆሮው ሥር ከፍቶ፣ ዘግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። "ጓድ፣ ይኼማ ይናገራል! እጅዎ ይባረክ!" ይላል። ሕዝብ በተሰበሰበበትም "ከእንግዲህ ቀጥቃጭ፣ ቡዳ ብሎ ስድብ የለም" ብሎ ተናግሯል፤ እኔም መዳፌን እስኪያመኝ አጨብጭቤያለሁ።

ታዲያ እናቴ ቆረጠች። "ይህ ሰውማ የቤታችንን እህል ሳይቀምስ አይሄድም!" እንቁላል የምትጥለው ዶሮ ታረደች። እኔ ቤቱን ጠርጌ ቄጠማ ጎዘጎዝኩ። በቤታችን ባዳ ሲበላ ላየው ነው! የጎረቤት ልጆችም እንዲያዩልኝ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

መጣ። አዲሱን ሰንጢ እያገላበጠ አባቴን አመሰገነው፣ ደጋግሞ አመሰገነው። እናቴ የእጅ ውሃ ይዛ ስትቀርብ ግን ከበርጩማው ብድግ አለ።

"አይ እመቤት፣ ጾም ላይ ነኝ።"

"በሃምሳው ይጾማል እንዴ?" ከአፌ አመለጠኝ። ፋሲካ ካለፈ ገና መቼ ሆነና! እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ እንደማይጾም ሕፃን ያውቃል። እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ሰውዬው የሚያይበት ጠፋው።

አባቴ ቀስ ብሎ፣ "ሰው ስእለት ይኖረዋል፣ ልጄ" አለኝ። ወደ እሱም ዞሮ፣ "ይጹሙ ጌታዬ። እኛንም በጸሎትዎ ያስቡን።"

ጸሐፊው ሰንጢውን ኪሱ ከትቶ ወጣ።

የወጡ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። እንባዬ ሲመጣ አባቴ በብብቴ አንሥቶ እንግዳው በተነሣበት በርጩማ ላይ አስቀመጠኝ። ማስታጠቢያውን ከእናቴ ተቀብሎ፣ ጥላሸት በጠገበ እጁ ውሃ እያፈሰሰ አስታጠበኝ። ለትልቅ ሰው የሚወጣውን ፈረሰኛ አንሥቶ ከፊቴ አኖረው።

"ይብሉ እንጂ እሜቴ" አለኝ። "እንግዳ እንዲህ ይግደረደራል? ባለቤቲቱ ይቀየሙዎታል።"

ሳቄ መጣ። "ኧረ በልቼ ነው የመጣሁት" እያልኩ፣ እንደ ትልቅ ሰው እየተግደረደርኩ፣ ፈረሰኛውን እስከ አጥንቱ ጨረስኩት። አባቴም እየሳቀ ያጎርሰኛል።

እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን፣ ይመለስ እንደሆነ ብላ መንገድ መንገዱን ታይ ነበር።