ወደ ሳንሱሲ የሚሄደው የጉድጓድ ውሃ

ባለፈው ቅዳሜ ሚኒባስ ውስጥ ቢጫ ጀሪካን ታቅፌ ተቀምጬ ነበር። ክዳኑን በደንብ አላጠበቅኩትም መሰለኝ፣ መንገዱ በተቦረቦረበት ቁጥር ውሃው ቀሚሴ ላይ ጠብ ይል ነበር። ይቀዘቅዛል። የረጠበ ድንጋይ ይሸታል፣ ትንሽም የዛገ ሚስማር።

"እህት፣ ወደ ሳንሱሲ ውሃ ይዘሽ ትሄጃለሽ እንዴ?" አለኝ ወያላው። "እዚያ እኮ ቧንቧ አለ! ሰው ከዚያ ወደዚህ ነው የሚያመጣው።"

"ጠበል ይሆናል፣ ተዋት" አለ አንዱ ከኋላ ወንበር፣ ታክሲውም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ምን ብዬ ላስረዳ? ቀሚሴ ሲደርቅ ነጭ ቀለበት እንደሚቀርበት አውቅ ነበር። የኮልፌው ጉድጓዳችን የነካውን ነገር ሁሉ እንዲህ ምልክት ሳያደርግበት አይለቅም። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ግን ወያላውም ታክሲውም ጠፉብኝና የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሆንኩ።

ስሙኝማ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ሲያወሩት ደስ የሚል ነገር ነው፣ ሲኖሩት ባይሆንም።

ቤታችን ሁለት ዓይነት ውሃ ነበረው። የቧንቧው በፈረቃ ነበር የሚመጣው። ሲመጣ ግቢው ሠርግ ቤት ይመስላል፤ ጀሪካን ከጀሪካን ይጋጫል፣ እናቴ "ያ ሮቶ ሞላ? ያኛውስ?" እያለች ትጮሃለች። እሱ የክብር ውሃ ነው፣ ይጠጣል፣ ወጥ ይሠራበታል። የጉድጓዱ ደግሞ ለልብስ፣ ለወለል፣ ለሽንት ቤት ነው። ኖራ ስለሚበዛበት ሳሙና አረፋ አያወጣበትም፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ከፈላ እንደ እንቁላል ቅርፊት ያለ ነገር ጋግሮ ይቀራል።

ለዓሣዎቼ የተፈቀደላቸው የጉድጓዱ ነበር። ገንዳቸው ጦር ኃይሎች ካለው የአባቴ ሱቅ የመጣ፣ ድሮ ሽቶ ይደረደርበት የነበረ የመስታወት ሣጥን ነው። አባቴ ስንጥቁን በሲሊኮን ደፍኖ "በይ፣ ባሕርሽ ይኸው" አለኝ፤ ጅራታቸው ብርቱካን የሚመስል ትናንሽ ዓሣዎችና ቅጠሉ እንደ ጥብጣብ የረዘመ የውሃ ሣርም ገዛልኝ። ዓሣዎቹ ውሃውን ወደዱት። ሣሩ ደግሞ ኖራውን እንደ ማር የላሰው ይመስል ከጥግ እስከ ጥግ ሞላ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ግድግዳችን ላይ አረንጓዴ ጥላ ይወዛወዝ ነበር።

ታላቅ እህቴ ትሰድባቸው ነበር። "ሁላቸውንም ብጠብሳቸው ለአንድ ጉርሻ አይበቁ፣ ምን ሊያደርጉልሽ ነው?" ትለኛለች። ስሜንም ትታው ነበር። "ዓሣ ዓይኗ! ዘመዶችሽ ራት አልበሉም!"

በዚያ ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አላለፈችም። ጓደኞቿ በየዩኒቨርሲቲው ሲበተኑ እሷ ቤት ቀረች፣ እናቴም እንድትረሳው አልፈቀደችላትም። "እንቅልፍ ፈተና ቢኖረው አንደኛ ትወጪ ነበር" ትላታለች ሽንኩርት እየከተፈች። "የጎረቤት ልጅ ሻንጣዋን ስትጎትት አላየሽም?" እህቴ ለእናቴ አትመልስም፤ ዞራ እኔን ትሰድባለች። ስድብ በቤታችን እንደ ውሃ ነበር፣ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ከእኔ በታች ዓሣዎች ብቻ ስለነበሩ እኔ ጋ ሲደርስ ይጠራቀማል።

አንድ ቀን ከዓሣዎቹ አንዷ ስትወልድ አየን። እነዚህ እንቁላል አይጥሉም፣ ልጁን እንዳለ ነው የሚወልዱት፤ የሽፋሽፍት ያህል የቀጠነ፣ ዓይን ብቻ የሆነ ልጅ። እናትየው ዞር አለችና አንዱን ዋጠችው። ቀጥላም ሌላውን። እኔ ጮህኩ። እህቴ መስታወቱን ተደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

"አየሻት? እማዬን ቁርጥ!"

የተረፉት ሣሩ ውስጥ የተሸጎጡት ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሣሩን አልከረከምኩትም፣ ጥቅጥቅ ይበል አልኩ። እህቴም ማንም የማያያት ሲመስላት መጥታ መስታወቱ ፊት ትቀመጥ ጀመር።

እህቴ አጥብቃ የምትሳሳለት አንድ ነገር ነበራት፣ ፀጉሯ። የጉድጓድ ውሃ ጭድ ያደርግብኛል ስለምትል፣ ቧንቧ በመጣ ቁጥር ለራሷ አንድ ጀሪካን ሞልታ አልጋዋ ሥር ታስቀምጥ ነበር። በዚያ ሰሞን የሞላችው ለጓደኛዋ ሠርግ ነው። "የነካውን ሰው እጁን ነው የምቆርጠው" ብላ ነበር፣ አባቴ ጭምር እየሰማ።

ለአረፋ እኔ አስኮ አክስቴ ቤት ልሄድ ሆነ። ትልቋ ዓሣ ደግሞ ሆዷ ተነፍቶ ልትወልድ ተቃርባ ነበር። በር ላይ ቆሜ እህቴን ለመንኳት። "እባክሽ፣ ስትወልድ እያቸው፣ እንዳትበላቸው።"

"ሂጂ ወዲያ! አዋላጅ ልታደርጊኝ ነው?" አለችኝ።

ስመለስ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ፈገግ ብላለች። ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ እጄን ይዛ ጎተተችኝ። መስታወቱ በአቼቶ ተፈትጎ ያበራል፣ ያ ሁሉ የተጋገረ ነጭ ነገር የለም። ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ ያለ አይመስልም።

"እዚያ ቆሻሻ ውሃ ውስጥ ነው እንዴ የምትወልደው አልኩ። የራሴን ሰጠኋቸው። የሚጠጣውን!"

ጀሪካኗ አልጋው አጠገብ ባዶዋን በጎኗ ተጋድማ ነበር። ከዚያ ዓሣዎቹን አየሁ። የሚበዙት ተገልብጠው ተንሳፈዋል። ትልቋ ጥግ ላይ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ሆዷ ጎድሎ ነበር፣ ያኔ ግን ልብ አላልኩትም።

እናቴ ጩኸቴን ሰምታ ገባች። አየችና ከንፈሯን መጠጠች። "ያ ረቢ! አንቺ የነካሽው ነገር መቼ በረከት ኖሮት ያውቃል?" አለቻት። ሳትጮህ፣ ቀስ ብላ ነው ያለችው። "እጅሽ ነው።"

"እጇ አይደለም!" አልኩ እያለቀስኩ። "ውሃው ነው! የለመዱት ኖራ ያለበትን ነው፣ ባንዴ ሲቀየርባቸው ይሞታሉ። የቧንቧው ውስጥ ደግሞ መድኃኒት አለ!" በእናቴ ስልክ ቪዲዮ አይቼ የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍኩት። ላድናት ብዬ እኮ ነው። እህቴ ባዶዋን ጀሪካን አየች። ፈገግታዋ ገና ከፊቷ አልወረደም ነበር፤ መውረጃ ያጣ ይመስል እዚያው ደረቀ።

እህቴ የገንዳውን አሮጌ ውሃ ከነተቀነጠሰው ሣር በሳፋ ቀድታ በረንዳው ላይ ትታው ነበር። በእኛ ቤት ውሃ ዝም ብሎ አይደፋም፣ ወለል ይታጠብበታል። እናቴ ንዴቷን ይዛ ወጣችና ሳፋውን ሲሚንቶው ላይ ቸለሰችው። መጥረጊያውን ስታነሣ ነው ያየሁት። ሲሚንቶው ላይ ዓይኖች ነበሩ። ገንዳው ሲፈተግ ዓሣዎቹ የቆዩት ሳፋው ውስጥ ነው፣ ትልቋም እዚያው ወልዳ ልጆቿ ሣሩ ሥር ቀርተዋል። ፀሐይ ላይ እንደ ክር ቁራጭ ይንፈራፈሩ ነበር።

"አትጥረጊ!" አለች እህቴ። በሕይወቷ እናቴ ላይ የጮኸችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ተንበረከከች። ጣቷን እያረጠበች አንድ በአንድ ታነሣቸው ጀመር፤ ጣቷ ጫፍ ላይ ተለጥፈው ይመጡላታል፣ እኔ ከጉድጓዱ ሮጬ የቀዳሁት ብርጭቆ ውስጥ ትነክራቸዋለች። እናቴ መጥረጊያውን ይዛ ቆማ ነበር። አልረዳችንም፣ አልጠረገችምም። አብዛኞቹ ደረቁ። ጥቂቶቹ ብርጭቆው ውስጥ ተላወሱ።

ለሠርጉ እህቴ ፀጉሯን በጉድጓድ ውሃ ታጠበች። ሳሙናው አረፋ አልወጣው ብሎ ስትፈትግ፣ ደግማ ስትፈትግ በመስኮት አየኋት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ማንንም አልሰደበችም። ቤቱ ጸጥ ሲል ደስ ያለኝ እንዳይመስላችሁ።

አግብታ ወደ ሳንሱሲ ስትሄድ የሽቶውን መስታወት ይዛ ሄደች፣ ከነዓሣዎቹ። ኢድ ካልሆነ ኮልፌን አትረግጥም። እናቴም ነይ አትላትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እኔ ሳልነቃ ጀሪካኑ ተሞልቶ በር ላይ ይቆማል። እናቴ ናት በማለዳ ገመዱን ስባ የምትቀዳው፣ በነጭ ሻሽ እያጠለለች። ለማን ነው ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። "ክዳኑን አጥብቂ" ብቻ ትለኛለች።

ባለፈው ቅዳሜም እህቴ በሩን ከፍታ ቀሚሴን አየችና "ምነው ዓሣ ዓይኗ፣ ሸንተሽ ነው?" ብላ ሳቀችብኝ። ከኋላዋ፣ ጥቅጥቅ ካለው ሣር መሃል፣ ከሲሚንቶ የተነሡት የልጅ ልጆች ብቅ ብቅ ይሉ ነበር። አሁንም ልጆቻቸውን ይበላሉ።

ውሃውን ሳፋ ላይ ስትገለብጠው ያ የድንጋይ ሽታ ቤቱን ሞላው።

"ማን ነው የቀዳው?" ሁልጊዜ ትጠይቀኛለች።

"እሷ።"

"እጇን ታጥባ ነው?" አለችና ሳቀች። መልሴን ግን አልጠበቀችም። እጅጌዋን ሰብስባ ሁለት እጆቿን ውሃው ውስጥ ከተተች፣ ሳታወጣቸውም ብዙ ቆየች።

"ቅዝቃዜው ይልቀቅ ብዬ ነው" አለችኝ፣ ቀና ሳትል። "ዓሣዎቹ ብርድ አይችሉም።"