ደጄ ላይ የተዘፈዘፈው ገብስ

የምወዳት ልጅ አባት ነቀምቴ ውስጥ የታወቁ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። አማላጅ ከመላኬ በፊት ቤቴን በዓይናቸው ሊያዩ ቅዳሜ እንደሚመጡ በልጃቸው በኩል መልእክት ላኩብኝ። «የሃይማኖቱን ነገር ቀስ ብለን እንነጋገራለን፤ ፋርሶና አረቄ ወዳለበት ቤት ግን ልጄን አልሰጥም» ብለዋል። ፋርሶ በኦሮምኛ ጠላ ነው። እኔ ቢራ እንኳ ስለማልቀምስ በዚህ በኩል ምንም አላሰጋኝም።

በዚያው ሳምንት በማስተምረው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ላይ «ስቲፕ» የሚል ግሥ ገጠመን። ደረቅ ነገርን ፈሳሽ ውስጥ ከትቶ እስኪርስ፣ ወይም ጣዕሙን ለውሃው እስኪሰጥ ድረስ መተው ማለት ነው። መነሻው በእርግጠኝነት አይታወቅም፤ የስልኬ መዝገበ ቃላት ከሰሜን አውሮፓ የመጣ፣ ማፍሰስ ከሚል ቃል ጋር ሳይዛመድ እንደማይቀር ይናገራል። ጥንት ይነገር የነበረው ለብቅል ስለሚዘፈዘፍ ገብስ ነው። ኋላ ላይ ግን በትምህርት ወይም በወግ ውስጥ ኖሮ ውስጡ ድረስ ለዘለቀው ሰው ጭምር ይውል ጀመር።

ተማሪዎቼ የታያቸው የሻይ ቅጠል ብቻ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። ሐሙስ ማታ ገብስ ገዝቼ በባልዲ ዘፈዘፍኩና በማግስቱ ላሳያቸው ደጄ ላይ አስቀመጥኩት። አርብ ስብሰባ ተብሎ ትምህርት ሳይኖር ቀረ። ቤት ሳጸዳና ብርጭቆ ስወለውል ባልዲው ጨርሶ ከሐሳቤ ወጣ።

ቅዳሜ ጠዋት አባትየው ከባጃጅ ወረዱ። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። «አከም ጅርታ» ብለው ጨበጡኝና ወደ በሩ ሲራመዱ ባልዲው ፊት ቆሙ።

«ኩን ማሊ? ምንድን ነው ይሄ?»

«ለትምህርት ነው» አልኳቸው።

«ገብስ? ለትምህርት?»

ደነገጥኩ። ስልኬን አውጥቼ ስለ ግሡ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ትርጉሙን፣ አመጣጡን፣ ሁሉንም። ብቅል የሚለው ጋ ስደርስ ጭራሽ ራሴን እያሳሰርኩ እንደሆነ ገባኝ። ልጅቷን ያጣኋት ያኔ መሰለኝ።

እሳቸው ግን እየሰሙኝ አልነበረም። የኮታቸውን እጅጌ ሰበሰቡና እጃቸውን ባልዲው ውስጥ ከተቱ። አንድ እፍኝ አወጡ፣ አሸተቱ፣ አንዷን ፍሬ ነከሱ።

«ሸቷል» አሉ። «ውሃው ቶሎ ቶሎ መለወጥ ነበረበት። ትናንት ደግሞ ውሃውን ደፍተህ በኮባ ቅጠል መጠቅለል ነበረብህ፤ ላዩ ላይ ድንጋይ ይጫንበታል። ማንም አልነገረህም?»

«ማንም» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ጠማቂ ብትሆን እንዲህ አታበላሸውም ነበር። ጠጪ ብትሆንም እንዲህ ሲበላሽ ለማየት አንጀትህ አይችልም ነበር። ሽማግሌዎችህን ላካቸው።»

ደስታዬ እንባዬን አመጣው፤ እንዳያዩብኝ ሳሙናና ውሃ ላመጣ ወደ ውስጥ ዞርኩ። ስመለስ አሁንም ባልዲው አጠገብ ነበሩ፤ ሳቁ ፊታቸው ላይ የለም።

«ሃርሜ፣ እናቴ፣ ያሳደገችን ብቅል ሸጣ ነው» አሉኝ። «ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ ባልዲዋን አልነካሁላትም። ራሷ እየተሸከመች ሞተች።»

ውሃውን ላፈስላቸው ጆጉን ዘንበል አደረግኩ።

«ተወው» አሉ። ሻይም ሳይጠጡ፣ ስትጠብቃቸው የነበረችው ባጃጅ ውስጥ ገቡ። ባጃጇ ስትርቅ ሳያት፣ እርጥብ እጃቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ነበር።